ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩልን

ለክቡራን የግብርና ሥራ ኃላፊዎች፣
ግብዓት ለምታቀርቡና ምክረ ሐሳብ ለምታወጡ ባለሙያዎች፣
በየቀበሌው ለተመደባችሁ የልማት ሠራተኞች፣



ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከሰሜን ወሎ፣ ከዋድላ ወረዳ፣ ከኮን ነው። ወሩ ግንቦት ነው፤ የማዳበሪያ ምዝገባ ተጀምሯል። ባለፈው ሳምንት ተራዬ ደርሶ ስሜን ሳስመዘግብ፣ መዝጋቢው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ስንት ኩንታል?» አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ አልተቀየምኩትም። የተሰጠው ቅጽ የሚጠይቀው ይህንኑ ብቻ ነው። ምን ልትዘራ ነው የሚል ቦታ የለውም። መሬትህ ዋልካ ነው ወይስ ቀይ አፈር የሚል የለውም። አምና ባቄላህ ምን ሆነ የሚልማ ከየት ይምጣ! እኔም «አንድ» ብዬ ወጣሁ። ቤቴ ስገባ ግን የአምናው ክረምት ትዝ እያለኝ እንቅልፍ አጣሁ። ብዕር ያነሣሁት ለዚህ ነው።

ማንነቴን ላስቀድም። ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከአባቴ የወረስኩትን ሦስት ጥማድ መሬት ከልጄ ጋር አርሳለሁ። እንደ አርሶ አደር እናደዳለሁ፤ እንደ አስተማሪ ደግሞ «ለምን?» ማለት አልተወኝም። ደብዳቤው አንድን መሥሪያ ቤት ወይም አንድን ሰው ለመክሰስ ስላልሆነ የማንንም ስም አልጠራም። ቅሬታዬ ከላይ እስከ ታች በተለመደ አንድ አሠራር ላይ ነው፤ ማሳ ላይ ቅጠል ቢጫ በሆነ ቁጥር፣ ቅጠሉን ማንም ሳያየው መድኃኒት ይታዘዝለታል።

ባቄላ ለደገኛ ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል፤ ብዙዎቻችሁ በሽሮው ያደጋችሁ ናችሁ። ቢሆንም ልበለው። የጾሙ ወራት የሚታለፈው በእሱ ነው፤ ሽሮው፣ ክኩ፣ እልበቱ፣ ስልጆው፣ የጸሎተ ሐሙስ ጉልባኑ። እሸቱ ሲደርስ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ኪሳቸው አረንጓዴ ነው። ገለባው የከብቱ ቀለብ ነው። ባቄላ የተነሣበት ማሳ ላይ በዓመቱ የተዘራ ገብስ ደግሞ ከሩቅ ይታወቃል፤ ቁመቱም መልኩም ይለያል። አገራችን በባቄላ ምርት ከቻይና ቀጥላ በዓለም ሁለተኛ ናት ሲባል ስሰማ፣ ያ ሁለተኛነት የሚለቀመው እንደ ዋድላና ደላንታ ካሉ አምባዎች፣ በእጅ መሆኑን አስባለሁ።

አሁን የአምናውን ልንገራችሁ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል እኛ ሠፈር ሦስት ማሳዎች ቢጫ ሆኑ። ከአንዱ ላይ ቆመው ድንጋይ ቢወረውሩ ሌላው ላይ ያርፋል። ታችኛው የእኔ ነው። ዋልካ ነው፤ ክረምት ሲገባ ውኃ አይለቅም፣ የረገጠውን ሰው ጫማ ያስቀራል። ባቄላው ውኃ ከሚተኛበት ጎድጓዳ ቦታ ጀምሮ ክብ እየሠራ ቢጫ ሆነ። ለባለሙያ ስልክ ደወልኩ። «ናይትሮጅን አንሶት ነው፣ ዩሪያ ጨምርበት» ተባልኩ። እኔ አስተማሪ የነበርኩት ሰውዬ፣ ስናገረው አፍራለሁ፣ ሰማሁና ለስንዴ ካስቀመጥኩት ዩሪያ በተንኩበት። ከሳምንት በኋላ አንዱን ተክል ስነቅለው ሥሩ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ቅርፊቱ በጣቴ መሐል ተላጠ፤ የበሰበሰ ገለባ ሽታ ሸተተኝ። ሥሩ አየር አጥቶ ታፍኗል፤ በታፈነው ሥር ላይ አበስባሽ ፈንገስ ገብቶበታል። ለሚሰምጥ ሰው እንጀራ ስወረውርለት ነበር ማለት ነው።

መካከለኛው ማሳ እትዬ የምላቸው፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ጎረቤቴ ናቸው። የእሳቸው ባቄላ ሲያዩት ከላይ የተጨማደደ፣ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ነበር። ቅጠሉን ገልብጬ ሳየው በሆዱ በኩል አረንጓዴ እባጭ ተኮልኩሎበታል፤ በጣት ሲዳስሱት የሕፃን ሽፍታ ይመስላል። ይሄ ብዙ ቦታ ቆልማሜ የሚሉት በሽታ ነው። ወደ አገራችን ደጋ ከገባ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ብርድና ርጥበት ይወዳል፣ ውኃ የሚቋጥር መሬት ይመቸዋል። እባጩ ውሎ ሲያድር ቡናማ ይሆናል፣ ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ተክሉ እዚያው ተኮራምቶ ይቀራል። እትዬ ወደ ገበያ ወርደው «የባቄላ በሽታ መድኃኒት» ብለው ጠየቁ፤ የተሸጠላቸውን ጠርሙስ አምጥተው አሳዩኝ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። አንብቤ ስጨርስ ምን እንደምላቸው ጠፋኝ። ትልና ቅማል የሚገድል ነው እንጂ ፈንገስን አይነካም። የዶሮ ሽያጭ ብራቸው የሌለ ትል ላይ ተረጭቶ አለቀ።

ሦስተኛው የአንድ ወጣት ነው፤ ተማሪዬ ነበር። የእሱ ባቄላ ጫፉ እንደ በግ ቀንድ ተጠማዘዘ፣ አገዳው ተጣመመ። አላፊው አግዳሚው «ቆልማሜ ገባበት» አለ። ፎቶ አንሥቶ ለባለሙያ ላከ፤ ከዚያም «ቆልማሜ ነው» የሚል መልስ መጣ። እኔ ሄጄ ቅጠሉን ብገለብጠው እባጭ የሚባል ነገር የለበትም፤ ልሙጥ ነው። «በምን ረጨህ?» ስለው፣ ለትል ብሎ አንድ ጊዜ መርጨቱን፣ በጀርባ የሚታዘለውን መርጫ የተዋሰውም ከስንዴ አብቃይ ጎረቤቱ መሆኑን ነገረኝ። ያ መርጫ ከሦስት ቀን በፊት ስንዴ ላይ ቱ ፎር ዲ ሲረጭበት የዋለ ነው፤ በውኃ እንኳ አልተለቀለቀም። ቱ ፎር ዲ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ለማጥፋት የተሠራ ነው፤ ባቄላ ደግሞ ሰፊ ቅጠል ነው። ልጁ ሳያውቅ ሰብሉን እንደ አረም ረጭቶታል።

አንዱ ታፈነ፣ አንዱ ታመመ፣ አንዱ ተመረዘ። ለሦስቱም የተሰጠው ምክር ግን በስልክና በግምት የመጣ ነበር፤ ሐምሌን ሙሉ እነዚያን ማሳዎች የረገጠ ባለሙያ አልነበረም። ጥቅምት ላይ ግን የምርት ግምት ለመያዝ የመጡ ሰዎች አየን። ሜዳውን በዓይናቸው ቃኝተው ቁጥር ጻፉና ሄዱ። ሲሞት ያልጠየቀ ዘመድ ለተዝካሩ ደረሰ ብዬ ለራሴ ሳቅሁ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየልኝም፤ እትዬ ዘንድሮ ዘር የላቸውም።

ዋድላ የቅኔ አገር መሆኗን ታውቃላችሁ። የዋድላን የቅኔ ቤት የማያውቅ የቤተ ክህነት ሰው የለም። አያቴ ቆሎ ተማሪ ነበሩ። የቀረበላቸውን ቅኔ ሁሉ በሰሙ ብቻ ፈትቶ የሚቀመጥ ተማሪ ሲያጋጥማቸው «ይህ ልጅ ቆዳውን አይቶ ስለ በሬው ይናገራል» ይሉ ነበር። ቢጫ ቅጠልም ሰም ነው፤ ወርቁ ሥር ውስጥ፣ ወይም ቅጠሉ ሆድ ላይ፣ ወይም ጎረቤት ማሳ የዋለ መርጫ ውስጥ ተደብቋል።

ወርቁን ለማግኘት ደግሞ ብዙ አያስፈልግም። በክፍል ውስጥ ለልጆቹ እንዳስተማርኩት ልናገር፤ ባለሙያዎች ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ የምጽፈው ደብዳቤውን ለሚያነቡ ገበሬዎችም ጭምር ነው። ናይትሮጅን ያጣ ተክል ካረጁት፣ ከታችኞቹ ቅጠሎች ይጀምራል፤ ያለውን ከእነሱ ነጥቆ ለአዲሱ ቅጠል ይሰጣልና። ሰልፈር ሲያንስ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቀድሞ የሚነጣው አዲሱ ቅጠል ነው። ፖታሺየም ያነሰው የአሮጌው ቅጠል ጠርዝ እሳት እንደ ላሰው ይሆናል። ፎስፈረስ የተራበ ባቄላ አይነጣም፤ እንዲያውም ጠቆር ብሎ አጭር ሆኖ ይቀራል። ውኃ የተኛበት ደግሞ ተክል ሳይመርጥ ቦታ መርጦ፣ ጎድጓዳውን ተከትሎ ይነጣል።

ለባቄላ ደግሞ አንድ የተለየ ፈተና አለ፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ማበብ ሲጀምር አንድ ተክል በዙሪያው ያለውን አፈር በዶማ ፈልፍሎ፣ ሥሩ እንዳይበጠስ ቀስ አድርጎ ማውጣት ነው። ሥሩ ላይ እንደ ዶቃ የተንጠለጠሉ ትንንሽ እባጮች አሉ። አንዱን በምላጭ ለሁለት ክፈሉት። ውስጡ እንደ ሥጋ ቀልቶ ከታያችሁ፣ ራይዞቢየም የሚባለው ባክቴሪያ ከአየር ናይትሮጅን እያጠመደ ተክሉን እየመገበ ነው፤ ያንን ማሳ ዩሪያ አትንኩት። ውስጡ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ሠራተኛው ሥራ አልጀመረም፣ ወይም ጨርሷል። አምና ለሠፈራችን ልጆች ይህን ሳሳያቸው አንዷ «ታዲያ እባጭ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» አለችኝ። ትክክል ናት። ሥር ላይ ሲሆን ሲሳይ ነው፤ ቅጠል ላይ ሲሆን መቅሠፍት። አንድ ቃል፣ ሁለት ዕጣ። በስልክ «እባጭ አለው» የተባለ ባለሙያ የቱን ይምረጥ?

ስለ ማዳበሪያው ደግሞ ሚዛናዊ ልሁን። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በአገሪቱ ዙሪያ ምክሩ አንድ ነበር፤ በሄክታር መቶ ኪሎ ዳፕና መቶ ኪሎ ዩሪያ። ቆላ ሆነ ደጋ፣ ጤፍ ሆነ ስንዴ፣ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የአገሪቱን አፈር በካርታ የማስፈር ሥራ ሲጀመርና ብዙ ቦታ ሰልፈር፣ ቦሮን፣ ዚንክና ፖታሺየም ማነሱ ሲታወቅ፣ እኔ ከተደሰቱት አንዱ ነበርኩ። ዳፕ ቀርቶ ኤን ፒ ኤስ መጣ፤ ቀጥሎም ቦሮን የተጨመረበት። በጎ እርምጃ ነበር። ግን ካርታው ከወረዳ አልፎ ማሳ ሳይደርስ ቆመ። ድሮ አንድ ከረጢት ለሁሉም ይሰጥ ነበር፤ አሁንም አንድ ከረጢት ለሁሉም ይሰጣል፤ የተለወጠው ከረጢቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው።

እስቲ ከረጢቱን እንፍታው። ሃምሳ ኪሎ ኤን ፒ ኤስ ውስጥ ዘጠኝ ኪሎ ተኩል ያህል ናይትሮጅን፣ በማዳበሪያ ስሌት ዐሥራ ዘጠኝ ኪሎ ያህል ፎስፈረስ፣ ሦስት ኪሎ ተኩል ሰልፈር አለ። ፖታሺየም የለበትም። ስለዚህ መሬቴ ያነሰው ፖታሺየም ከሆነ፣ አንድ ኩንታል ብወስድም አምስት ብወስድም ዕዳዬ ይጨምራል እንጂ ባቄላዬ አይጠግብም። ቦሮን ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ይህ እንግዲህ አንድ ገበሬ በግምት የሚወስነው ጉዳይ አይደለም። ባቄላ ከዚህ ከረጢት በእርግጥ የሚፈልገው ፎስፈረሱን ነው፤ እባጩ እንዲበዛና እንዲሠራ ያግዘዋል። ናይትሮጅኑን ግን ራሱ ያበስላል። በባቄላ ላይ ዩሪያ እንድንጨምር ስንመከር፣ በቤቱ እንጀራ ለሚጋግር ሰው እንጀራ በውድ እንደመሸጥ ይሆንብኛል።

የማዳበሪያ ዋጋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የት እንደደረሰ እናንተም ታውቃላችሁ፤ በ2015 ክረምት ለገንዘቡም ጠፍቶ ሰው ሰልፍ ላይ ሲያድር አይተናል። በዚህ ዋጋ የተገዛ ከረጢት የማይፈልገው ሰብል ላይ ሲበተን ዝም ማለት ይከብዳል።

አንድ ነገር ከሩቅ ላምጣ። ከዚሁ ከእኛ አካባቢ ወደ ዓረብ አገር የሄደች አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ዖማን፣ ሳላላ የሚባል ከተማ ትሠራለች። የኮኮናት ዘንባባ የሞላበት ጠረፍ ነው። ባለፈው ዓመት በድምፅ መልእክት፣ አሠሪዎቿ ጓሮ ያሉት ዘንባባዎች ቢጫ ሆነው አትክልተኛ ተጠርቶ መምጣቱን ነገረችኝ። «ጋሼ፣ ሰውየው መጀመሪያ ምንም አልረጨም። ከላይ ነው ከታች የጀመረው ብሎ ጠየቀ፤ ከዚያ መሰላል አስመጥቶ ወጣ» አለችኝ። ምክንያት አለው። በኮኮናት ፖታሺየም ሲያንስ ከታች ያሉት ያረጁ ቅርንጫፎች ብርቱካንማ ነጠብጣብ አውጥተው ጫፋቸው ይደርቃል፤ አናቱ አረንጓዴ ነው። ነገር ግን ገዳይ ቢጫ የሚባል በሽታም አለ፤ ነፍሳት የሚያጋቡት፣ የባክቴሪያ ወገን የሆነ ረቂቅ ሕዋስ የሚያመጣው። እሱ ሲገባ ቀድሞ ፍሬው ያለ ጊዜው ይረግፋል፣ አበባው ይጠቁራል፣ ከዚያ ነው ቅጠሉ የሚነጣው። በጃማይካ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዘንባባዎችን ጨርሷል። ያንን ምንም ማዳበሪያ አላቆመውም፤ መፍትሔ የሆነው በዘመኑ የተሻለ የሚቋቋም አጭር ዝርያ መትከል ነበር። እንግዲህ ያ አትክልተኛ መሰላል የወጣው እንዲህ ያሉ ምክንያቶችን ለመለየት ይመስለኛል። የእኛ ባቄላ መሰላል አያስፈልገውም። ጎንበስ ማለት ይበቃል።

ይህን ስል ባለሙያ ሁሉ ያውቃል፣ ሰነፍ ስለሆነ ነው ያላየው እያልኩ አይደለም። የቆልማሜን ነገር ሳይንቲስቶቹም ተሳስተውበታል። በሽታውን ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ተመራማሪ ኦልፒዲየም ብሎ ሰየመው፤ መቶ ዓመት ሙሉ በዚያ ስም ሲጠራ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት የኢትዮጵያውን ናሙና መርምሮ «ፊዞደርማ ነው» አለ። አጉልቶ በሚያሳይ መነጽር የሚያዩት እንኳ ስሙን ለማረም ይህን ያህል ከፈጀባቸው፣ ሸንተረር ወጥቶ ወርዶ ብዙ መቶ አባወራ የሚያገለግል የልማት ሠራተኛ በስልክ ፎቶ ቢሳሳት አይገርመኝም። መንገዱን አውቃለሁ። ነዳጅ እንደሌለ አውቃለሁ። እነዚህ ዓመታት ለማንም ሰላማዊ እንዳልነበሩም አውቃለሁ፤ በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ጋሸናና አካባቢው ሲደርስ ብዙ ቤት ዘሩን ሳይቀር አጥቷል። ከዚያ በኋላ ምንጩ ያልታወቀ ባቄላ ከገበያ ገዝተን ዘርተናል፤ ከገለባ ፍርፋሪውና ከአፈሩ ጋር ምን ይዘን እንደገባን የጠየቀ የለም።

ስለዚህ የምለምነው የሚቻለውን ነው።

ከሁሉም በፊት፣ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ባለው ጊዜ፣ ባቄላ በሚዘራበት ቀበሌ ሁሉ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሰው ይምጣልን። ቅጽ ይዞ ሳይሆን ዶማ፣ ምላጭና ላስቲክ ይዞ። ጥቅምት ላይ የሚመጡት ሰዎች አበላቸው ወደ ሐምሌ ቢዞር እንኳ እኛ አንከፋም። ቆልማሜ ገና ሲጀምር ካልተያዘ በኋላ የሚደረግለት ነገር ብዙም አይፈይድም፤ ለዚህ ነው ቀኑን ቆርጬ የምናገረው።

የምዝገባው ቅጽ ላይ ሦስት መስመር ይጨመርበት፤ ምን ይዘራል፣ አፈሩ ምንድነው፣ አምና ምን ታመመ። ወረቀቱ ቦታ አለው፤ እኔ አይቼዋለሁ፣ የታችኛው ግማሽ ባዶ ነው። ከማሳችን ተወስዶ የነበረው የአፈር ናሙና ውጤትም፣ ካለ፣ በአንድ ገጽ አማርኛ ይመለስልን። የተወሰደበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ በላስቲክ ታስሮ፣ ቁጥር ተጽፎበት ነው የሄደው። ለእኛ ቁጥሩ ብቻ ቀረ።

የመድኃኒቱ ጉዳይ የእትዬ ጉዳይ ስለሆነ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ባይሌቶን የተባለው ፀረ ፈንገስ፣ በጊዜው ሲረጭ ቆልማሜን እንደሚቀንስ በአገራችን የተደረጉ ሙከራዎች አሳይተዋል። እሱ ወይም አሁን የተሻለ ነው የምትሉት፣ በሽታው ከመግባቱ በፊት፣ በሰኔ፣ በማኅበራችን መደብር ይገኝልን፤ ለአንድ ጥማድ በሚበቃ መጠን ተከፋፍሎ። አንዲት ሴት ለሄክታር የሚሆን ጠርሙስ ገዝታ የተረፈውን ከአልጋ ሥር ከምታስቀምጥ፣ የሚበቃትን ብቻ ትግዛ። ጠርሙሱ ላይ በትልቁ፣ በአማርኛ፣ «የአረም»፣ «የትል»፣ «የፈንገስ» ተብሎ ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ ሥዕል ይኑረው። የአረም መርጫና የሌላው መርጫ በቀለም ይለይ፤ ቀይና ሰማያዊ ቢሆን በቂ ነው። ይህ የሚጠይቀው ገንዘብ ለአንድ ስብሰባ ሻይ ከሚወጣው ይበልጣል ብዬ አላምንም።

አጎራባች ማሳዎች አንድ ዓይነት ሰብል የሚዘሩበትን ኩታ ገጠም እርሻም አልቃወምም፤ ትራክተርና ገበያ ያመጣል። ግን ስንዴ በስንዴ ላይ፣ ባቄላ በባቄላ ላይ እንድንዘራ ሲያስገድደን አባቶቻችን ያወቁትን ፈረቃ ያስረሳናል። ቆልማሜ የገባበት ማሳ ቢያንስ ሁለት ሦስት ዓመት ባቄላ እንዳይዘራበት ምክር ይሰጥ፤ የበሽታው ዘር በአፈርና በገለባ ውስጥ ይከርማልና። ገለባው ለከብት፣ ፍጉ ተመልሶ ለማሳ ሲሆን በሽታውን በገዛ እጃችን እንደምናዞረው ማንም አልነገረን ይሆናል። ለዋልካው መሬት ደግሞ ውኃ የሚያሳልፍ ሰፊ መደብ ማውጫና እንደ ዋልኪ ያለ፣ ለዚያ አፈር ተብሎ የወጣ የባቄላ ዝርያ ይድረሰን። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የእኛው የሰሜን ወሎ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1850 ሜትር ላይ ካለው ግቢው ወደ እኛ ብርድ ሲወጡ ሹራብ ይዘው ቢመጡ በደስታ እንቀበላቸዋለን። ሕያው ማዳበሪያ የሚባለውን የራይዞቢየም ዱቄትም ቢያመጡልን አደራ፤ ነገር ግን በጭነት መኪና ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሳይመታው። ውስጡ ያለው ነፍስ ያለው ነገር ነው፤ ከሞቀ ይሞታል፣ የሞተ ዱቄት ይዘን ዘር ስናሽ እንውላለን።

በመጨረሻ ከራሴ በኩል። በቀበሌያችን የአርሶ አደር ማሰልጠኛ አንድ ጥማድ የሚሆን ጦሙን የሚያድር መሬት አለ። ፈቃዳችሁ ከሆነ ዘንድሮ እዚያ ላይ አምስት መደብ ባቄላ ልዘራ፤ አንዱ ውኃ የሚተኛበት፣ አንዱ ያለ ፎስፈረስ፣ አንዱ የአረም መድኃኒት ነፋስ ያመጣበት፣ አንዱ ቆልማሜ ካለበት ማሳ ገለባ የተበተነበት፣ አንዱ ጤነኛ። ቆልማሜ ያለበት ገለባ እንዳይዛመት ከሌላው አርቀን፣ ዙሪያውን ቦይ አውጥተን። ገበሬው እያንዳንዱን ቢጫ በዓይኑ ጎን ለጎን ይየው። ክፍያ አልጠይቅም፤ ዘርና ጉልበቱ ከእኔ ነው። ከእናንተ የምፈልገው ፈቃዱንና በነሐሴ አንድ ቀን ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት ከእትዬ ማሳ የቀጠፍኩትን ቅጠል በመጽሐፍ መሐል አድርቄ አስቀምጬዋለሁ። ደርቆም እባጩ ይዳሰሳል። ስትመጡ አሳያችኋለሁ።

መልሳችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ ባቄላ አምራች ጡረተኛ መምህር
ኮን፣ ዋድላ